የምድር መምህር ለመሆን ስንት ያስፈልጋል?

ቤታችን ሰባታሚት ነው ስል፣ ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው ሁሉ መልሶ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ማረሚያ ቤቱ ያለበት?» አዎ፣ እሱ ያለበት። ከማረሚያ ቤቱ ሌላ በሰፈራችን የሚበዛው ነገር ድንጋይ ነው። የማሳው ድንበር የድንጋይ ካብ ነው፤ የቤቱ መሠረት ድንጋይ ነው፤ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ጎሉን የሚያቆሙት በድንጋይ ነው። አባቴ ሁለት ሴት ልጆች ያሳደገው ድንጋይ ጠርቦ ነው። የባሕር ዳር የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ኮብልስቶን በሚለብሱባቸው ዓመታት መዶሻውና መሮው አያርፉም ነበር። አሁን ወገቡን ስለሚያመው ሥራው ቀንሷል፤ ድንጋይ ሲያይ ግን ዛሬም ዝም ብሎ አያልፍም። አንሥቶ በእጁ ይመዝነዋል፣ በሌላ ድንጋይ መታ መታ ያደርገዋል፣ ከዚያ «ይኼ ድፍን ነው፤ ያኛው የተነፈሰ ነው» ይላል። የተነፈሰ የሚለው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ቀዳዳዎቹ ላቫው ሲቀዘቅዝ ጋዝ የወጣባቸው መሆናቸውን ስማር፣ አባቴ ያወጣለት ስም ከመጽሐፉ ስም ይሻላል ብዬ ነበር።

ታናሽ እህቴ ይህን አመል ወርሳለች። ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ናት፤ ከአልጋዋ ሥር በፌስታል የተቋጠረ ድንጋይ አላት። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። አንድ ማታ ፈተና ሳርም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና «እትዬ፣ እኔም አስተማሪ ልሆን ነው» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ቀና ስል «እንዳንቺ ግን አይደለም» ብላ ጨመረችበት። «ጂኦግራፊ ሳይሆን መሬትን ነው ማስተማር የምፈልገው።»

ስልኳን አሳየችኝ። «ኧርዝ ሳይንስ ቲቸር» ብላ ፈልጋ አሜሪካ ያለ፣ ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት የሚሰጥ ዲግሪ አግኝታለች። ድንጋዩን፣ ውቅያኖሱን፣ አየሩን፣ ከዋክብቱን አንድ ላይ አስተምሮ ምሩቁን የዚያ ትምህርት መምህር ያደርገዋል። «ተመጣጣኝ ዋጋ» ይላል። ተመጣጣኙ ዋጋ በየስድስት ወሩ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። በዚያ ላይ ዲግሪው የተሰናዳው ከአሜሪካ ግዛቶች በአንዱ የማስተማር ፈቃድ ለሚያወጣ ሰው ነው። እህቴ ዶላሩን ወደ ብር አባዝታ ከጨረሰች በኋላ ነው ወደ እኔ የመጣችው።

አባቴ መደቡ ላይ ጋደም ብሎ ሲሰማን ቆይቶ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

«ስንት ዓመት ነው? ስንት ብር ነው?»

በአንድ ማታ የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም። ወረቀት አወጣንና መቁጠር ጀመርን። የቆጠርነው ለሌላ ሰውም ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው እዚህ የማሰፍረው።

* * *

መጀመሪያ የስሙን ነገር እናጥራ። አሜሪካ ውስጥ የምድር ሳይንስ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ነው፤ እንደ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ የራሱ መጽሐፍና የራሱ መምህር አለው። እኛ ዘንድ በዚህ ስም የሚጠራ ክፍለ ጊዜ የለም። ልጅ ስለ ምድር የሚማረው በታችኞቹ ክፍሎች በአካባቢ ሳይንስ ውስጥ ነው፤ 9ኛና 10ኛ ሲደርስ ደግሞ በጂኦግራፊ። በእኔ ክፍለ ጊዜ ማለት ነው። በዚሁ ትምህርት ውስጥ አለቱም፣ ተራራው፣ ተፋሰሱ፣ የአየር ንብረቱ፣ አፈሩ፣ የሕዝብ ብዛቱ፣ ኢኮኖሚውና ካርታው አንድ ላይ ታጭቀዋል። ስለ ስምጥ ሸለቆ ነገሬን ገና ሳሟሙቅ የሕዝብ ብዛት ምዕራፍ ይደርስብኛል። እህቴ «ጂኦግራፊ ሳይሆን መሬትን» ያለችው ይህን ስላየች ነው።

11ኛ ክፍል ላይ ነገሩ ይብሳል። ተማሪው ናቹራልና ሶሻል ተብሎ ይከፈላል። ናቹራል የገባ ጂኦግራፊን ይሰናበታል፤ ሶሻል የገባ ፊዚክስንና ኬሚስትሪን ይሰናበታል። ድንጋዩ ከሶሻሉ ጋር ይሄዳል፣ ድንጋዩ የተሠራበት ኬሚስትሪ ከናቹራሉ ጋር ይቀራል። ዩኒቨርሲቲም ይኸው መስመር ይቀጥላል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ የሚያስተምር የምድር ሳይንስ ትምህርት ቤት አለው፤ ጂኦግራፊና አካባቢ ጥናት ደግሞ ለብቻው ሌላ ክፍል ነው። ወደ መጀመሪያው ብዙውን ጊዜ የሚገባው ናቹራል የተማረ ነው፣ ወደ ሁለተኛው ሶሻል የተማረ። ከጂኦሎጂ የወጣው ማዕድን ፍለጋ፣ የከርሰ ምድር ውሃ ቁፋሮ፣ የግድብና የመንገድ መሠረት ጥናት ላይ ይሰማራል። ከጂኦግራፊ የወጣው ጠመኔ ይዞ ክፍል ይገባል።

እንግዲህ የእህቴ ውሳኔ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የሚመጣ አይደለም። የሚመጣው 10ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ፣ በ16 ዓመቷ፣ አንድ ወረቀት ላይ ምልክት ስታደርግ ነው። ብዙ ልጅ ያንን ምልክት የሚያደርገው ጓደኛው የሄደበትን አይቶ፣ ወይም «ጎበዝ ናቹራል ነው የሚገባው» ሲባል ሰምቶ ነው። እህቴ ደግሞ ጎበዝ ናት። ክፍሏ ውስጥ ያሉ ሁሉ ናቹራል እንደምትገባ ነው የሚያውቁት።

* * *

ለመሆኑ የምድር መምህር ይኼን ያህል ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። እስቲ ያለፉትን ጥቂት ዓመታት ብቻ እናስብ።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ውስጥ ናዳ ወረደ። ጭቃው የቀበራቸውን ሰዎች ለማውጣት ጎረቤቱ ተጠራርቶ መጣ፤ ሁለተኛው ናዳ እነሱ ላይ ወረደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። አንድ ጊዜ የተንሸራተተ ተዳፋት እንደገና ሊንሸራተት እንደሚችል ስለ ናዳ ሲማሩ መጀመሪያ ከሚነሡት ነገሮች አንዱ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው የጎረቤቱን ጩኸት ሰምቶ ዝም ይላል ማለቴ አይደለም፤ እንዲልም አልፈልግም። ሌላው ሲቆፍር አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ተዳፋቱን ይጠብቅ ብሎ የሚያስብ ግን ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች መካከል ቢኖር እላለሁ።

በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ መሬቱ ለወራት ተንቀጠቀጠ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀቁ፤ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ላይ የሚኖሩ ዘመዶቻችን በሌሊት እየደወሉ «አልጋው ተነቃነቀ» ይሉን ነበር። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ፤ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ህንድ ድረስ ሄደ። በማግስቱ ክፍል ስገባ ጥያቄው ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ፦

«ቲቸር፣ ጣናም ይፈነዳል?»

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሰጠሁት። ዛሬ አጠገባችን የሚጤስ ተራራ የለም፤ የተቀመጥንበት ሁሉ ግን የእሳት ሥራ ነው አልኳቸው። የኢትዮጵያን ደጋ ያለበሰው ባዛልት አብዛኛው የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ ነው። ጣና የተኛበት ጎድጓዳ ከዚያ ወዲህ የሰመጠ መሬት ነው። በኋላ ደግሞ፣ በምድር ዕድሜ ሲቆጠር ትናንት በሚባል ጊዜ፣ ሌላ ላቫ ፈስሶ የውሃውን መውጫ ገደበውና ሐይቁ አሁን ባለበት ቦታ ተከተረ። ዓባይ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ጢስ ዓባይ ላይ የሚዘለው ያንን ጥቁር ድንጋይ ነው። ከዚያ ስለ ሐይቁ ራሱ ነገርኳቸው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሞላል፣ ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በተባለው ቦታ እንኳን 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ትልቅ ሰፌድ በሉት። ከሥሩ ተቆፍሮ የወጣው ደለል ሲጠና ደግሞ ከ15 ሺህ ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ ጣና አንድ ጊዜ ደርቆ እንደነበር ታይቷል።

«ደርቆ?» አለች አንዷ፣ ሰው እንደሞተ የነገርኳት ይመስል። ወዲያው አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ይኼ ፈተና ላይ ይመጣል?» አለ።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንላለን። ባዛልት ላይ ተወልዶ፣ በባዛልት በታጠረ ግቢ አድጎ፣ ባዛልት የሚለውን ቃል ከፈተና በፊት ለአንድ ሌሊት ብቻ የሚያስታውሰው የእኛ ሰፈር ልጅም ከዚህ አይርቅም። እህቴ የምትፈልገው ይህን መለወጥ ነው። ስለዚህ የአባቴ ሁለት ጥያቄዎች ትክክለኛ መልስ ይገባቸዋል።

* * *

ወረቀቱ ላይ አራት መንገድ ጻፍን።

የመጀመሪያው የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነው። በክልላችን ጎንደር፣ ደብረ ታቦር ያለው በጌምድር፣ እንጅባራ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደሴና ሌሎችም አሉ። የሚያሠለጥኑት ለአንደኛ ደረጃ ነው። በክልሉ ተመልምሎ ለሚገባ ሠልጣኝ የትምህርት ክፍያ የለበትም፤ ቤተሰብ ላይ የሚወድቀው የቤት ኪራዩ፣ ስንቁና የትራንስፖርቱ ነው። ቶሎ ተመርቆ ቶሎ ደመወዝ ለሚፈልግ ቤት ይህን የሚያህል መንገድ የለም። ዲግሪው የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ በክረምት ትምህርት ነው። በደህናው ጊዜ ሐምሌና ነሐሴ ፔዳ ግቢ የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ጃንጥላና ደብተር የያዙ፣ ፀጉራቸው የሸበተ መምህራን ወጣቱ የለቀቀውን ዶርም ሞልተውት ይከርማሉ። እየሠሩ መማር ነው፤ ቤተሰብ አይራብም። ግን ዲግሪው እጅ እስኪገባ ከአራቱ መንገዶች ሁሉ የሚረዝመው ይኼ ነው፤ ክረምቱ ሰላም ካልሆነ ደግሞ ይበልጥ ይረዝማል።

ሁለተኛው መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጂኦግራፊ መማር ነው። እዚህ ላይ «ዩኒቨርሲቲ እኮ ነፃ ነው» የሚለውን ወሬ ማቆም ያስፈልጋል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወጪ መጋራት አለ፤ ተማሪው ሁሉ ኮስት ሼሪንግ የሚለው። የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ ተማሪው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይመልሳል። ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ፣ በ15 ዓመት ውስጥ ተከፍሎ እንዲያልቅ። ለዓመታት በቀን 22 ብር የነበረው የተማሪ የምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ለሚበላው ሰው ደግ ነገር ነው። ግን ሳህኑ ሲሞላ ዕዳውም አብሮ ይሞላል።

አባቴ በወር ሳይሆን በቀን ነው የሚያስበውና በቀን አሰብንለት። 100 ብር በ30 ቀን 3,000 ነው፤ በአሥር ወር 30,000፤ በአራት ዓመት 120,000 ብር። ምግብ ብቻ። በ2018 ዓ.ም. በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ አዲስ የዲግሪ ምሩቅ መነሻው 11,500 ብር ነው፤ 10 በመቶው 1,150 ይሆናል። 120,000 ለ1,150 ሲካፈል 104 ወር፤ ማለትም ስምንት ዓመት ከስምንት ወር።

ቤቱ ጸጥ አለ።

ሁለት ማስተንፈሻ ግን አለው። አንደኛው፣ ውሉ ሲሞላ ተማሪው የሚወስደውን ይመርጣል፤ ምግብ ብቻ፣ መኝታ ብቻ፣ ሁለቱንም። እህቴ ምደባዋ ባሕር ዳር ከሆነና ከሰባታሚት እየተመላለሰች ከተማረች፣ ያልበላችው ምግብና ያልተኛችበት አልጋ ሊቆጠርባት አይገባም። ታክሲና ባጃጅ ይኖራል፤ ቢሆንም እናቴ የምትጋግረው እንጀራ ዕዳ የለበትም። ሁለተኛው ትልቁ ነው፤ መምህር ለሚሆን ሰው ዕዳውን በገንዘብ ፋንታ በአገልግሎት የሚከፍልበት በር ተከፍቷል። እኔም በዚያ በር ነው ያለሁት፤ ያስተማርኩበት ዓመት ይቆጠርልኛል። ትርጉሙን ለአባቴ ሳስረዳው «እንደ ወንፈል ነዋ» አለኝ። ወንፈል ነው። አገሪቱ ዛሬ ታርስልሻለች፣ ነገ ሄደሽ ታርሽላታለሽ። ግን ሰው ወንፈሉን ጥሎ ሌላ ሥራ ከሄደ ነገሩ ወደ ብር ይመለሳል፤ ስለዚህ ውሉን ከመፈረም በፊት በቃል ሳይሆን በዓይን ማንበብ ነው።

ከዓመቱም ቁጥር የሚደበቅ ነገር አለ። እኔ የተማርኩት በሦስት ዓመት ነበር፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የፍሬሽማን ዓመት ስለተጨመረ አራት ሆኗል። ከዚያ ላይ ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የሚሆን ሰው ከዲግሪው በኋላ የአንድ ዓመት የድህረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ፣ ፒጂዲቲ የምንለውን፣ ይወስዳል። በቅርቡ ደግሞ መምህርነቱን ከመጀመሪያው ከትምህርቱ ጋር አጣምሮ የሚሰጠው የትምህርት ዲግሪ እየተመለሰ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተብሎ መሰየሙም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ለእህቴ በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርኩላት ጥያቄ ይኼ ነው፦ «ዲግሪው መምህርነቱን ያካትታል ወይስ ተጨማሪ ዓመት አለው?» ልዩነቱ የአንድ ዓመት እንጀራና የአንድ ዓመት ደመወዝ ነው።

ሦስተኛው ጂኦሎጂ ነው። ልቧ ያለው እዚህ ነው። መዶሻ ይዞ ተራራ ለተራራ መዞር፣ ድንጋዩን ሰንጥቆ በአጉሊ መነጽር ማየት። ዕዳው ከጂኦግራፊው ብዙም አይለይም፤ ሥራ ከተገኘ ደመወዙ ሊሻል ይችላል። ግን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ጂኦሎጂ የሚባል ትምህርት ስለሌለ ከጂኦሎጂ ወደ ጥቁር ሰሌዳ የሚያስገባው በር ጠባብ ነው። መምህር መሆን ለሚፈልግ ሰው፣ ከሁሉም ወደ ምድር የቀረበው ትምህርት ከክፍሉ የራቀው ሆኖ ተገኘ።

አራተኛው የግል ኮሌጅና የርቀት ትምህርት ነው። ማስታወቂያው በየፖሉ ላይ አለ፤ ቴሌግራም ላይማ አይጠየቅም። እዚህ ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ መንግሥት የግል ተቋማት መምህራንን እንዳያሠለጥኑ ከልክሎ፣ የርቀት ትምህርትንም አግዶ ነበር፤ በኋላ ነገሩ ቢላላም ብዙ ሰው መሀል መንገድ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋጋው አይደለም። ተቋሙ በዚያ የትምህርት መስክ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ አለው ወይ ነው። ሁለተኛ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ አይመረቅም። በመጀመሪያው ዓመት ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ ከግሎቹ ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። ጎበዝ የግል ኮሌጅ የለም ማለት አይደለም። ክፍያው በየወሩ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ርካሽ ነው ብሎ መግባት ግን አራት ዓመት ከፍሎ ያለ ዲግሪ መውጣትን ሊያመጣ ይችላል።

ከአራቱም በፊት ደግሞ አንድ ኬላ አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። ለተወሰኑት ሬሜዲያል አለ፤ ሌላ ዓመት ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን በገባበት ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ የተከፈቱትም የሚዘጉበትና የሚከፈቱበት ቀን አይታወቅም። የእህቴ ዕድሜ እኩዮች ከመካከላቸው እስክሪብቶ ከያዙ የቆዩ አሉ። አባቴ «ስንት ዓመት?» ሲል ከዩኒቨርሲቲው ደጅ ወዲህ ያለውም ዓመት አብሮ መቆጠር አለበት።

* * *

ባሕር ዳር ውስጥ «ፔዳ» የማይል ሰው የለም። ታክሲ ረዳቱ «ፔዳ፣ ፔዳ» ብሎ ይጠራል፤ ቃሉ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ፔዳ ፔዳጎጂ ከሚለው ተቆርጦ የቀረ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ከዩኔስኮና ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር ተስማምቶ እዚህ የፔዳጎጂ አካዳሚ አቋቋመ፤ በኋላ የመምህራን ኮሌጅ ሆነ፤ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ ሕክምናም ሕግም ያለው ይህ ትልቅ ተቋም አንዱ ሥሩ አስተማሪ ማፍራት ነበር። ከተማው የመምህርነትን ስም በየቀኑ ይጠራል፤ ሥራውን ግን ከሁሉም በታች ያስቀምጠዋል።

በእኔ የፒጂዲቲ ዓመት ከጎኔ የተቀመጡት ብዙዎቹ ሌላ ሥራ እስኪገኝ የተጠጉ ነበሩ። አልፈርድባቸውም። መምህርነት ለዓመታት ለተማሪ የቀረበለት እንደ ተራፊ ነው፤ ነጥብህ ካነሰ፣ የፈለግኸው ካልደረሰህ፣ በቃ አስተማሪ ሁን። አማርኛችን ደግሞ ለዚህ የሚመች ቃል አለው። «ርካሽ» ስንል ዋጋው ትንሽ የሆነውንም የተናቀውንም በአንድ ቃል እንጠራለን። ስለዚህ አንድ ልጅ «በትንሽ ወጪ መምህር መሆን እፈልጋለሁ» ሲል ሰሚው ሁለተኛውን ትርጉም ብቻ ይሰማል። የእህቴ የክፍል ኃላፊ ሐሳቧን ስትነግረው «በዚህ ውጤት? ምነው ልጄ!» ብሏታል። ለእሷ አዝኖ ነው። እሱም አስተማሪ ነው።

እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ቁጥር በኋላ የገባኝ እንዲህ ነው። ለድሃ ቤት ውዱ ነገር የሚባክን ዓመት ነው እንጂ የትምህርት ክፍያ አይደለም። በአገልግሎት የሚከፈል ዕዳ ለሚያስተምር ሰው ዕዳ አይደለም፤ ማስተማር ለማይፈልግ ሰው ደግሞ እስር ነው። አንዱ ወረቀት ለአንዱ ርካሽ ለሌላው እጅግ ውድ የሚሆነው ለዚህ ነው። መንግሥት መምህር በቅናሽ እያሠለጠነ የሚከስረው ቅናሹን ለማይፈልገው ሰጥቶ የሚፈልገውን «ምነው ልጄ» ሲል ነው።

* * *

ስምንት ዓመት ከስምንት ወር የሚለውን ቁጥር አባቴ ለሁለት ቀን አልተናገረበትም። በሦስተኛው ቀን ቡና እየተጠጣ «ይኼን ቤት በስንት ዓመት የጨረስኩት ይመስላችኋል?» አለ። አናውቅም። «በአሥራ አንድ። ያውም ጣራው ሳይቆጠር።» ከዚያ ወደ እህቴ ዞሮ «መሠረቱ ድፍን ድንጋይ ከሆነ ዓመቱ አያስፈራም» አላት። ፈቃዱን የሰጣት በዚህ ነው፤ ሌላ ንግግር አላደረገም።

እሷም ወስናለች። ሶሻል ልትገባ ነው። ጂኦግራፊን ወድዳው ሳይሆን ክፍል የሚያስገባው በር እሱ ስለሆነ። ግን ቅድመ ሁኔታ አላት፤ ናቹራል የምትገባው ጓደኛዋ በየሳምንቱ የኬሚስትሪ ደብተሯን ልታውሳት ተስማምተዋል፣ በለውጡ እሷ እንግሊዝኛ ታስጠናታለች። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ከጂኦሎጂ ክፍል የሚፈቀድላትን ኮርስ ሁሉ እየለመነች ልትወስድ ነው። ይፈቀድላት እንደሆነ ጊዜው ሲደርስ እናያለን።

ምርጫው አንድ ነገር እንደሚያስቀርባት አልደበቅኋትም። በዚህ መንገድ ሄዳ እንደ ጂኦሎጂስት ድንጋይ አታነብም። ናቹራል ብትገባ ደግሞ ድንጋይ ታነባለች፣ የምታነብላቸው ልጆች ግን አይኖሩም። ይህ መቆራረጥ የእሷ ጥፋት አይደለም፤ እስኪስተካከል ቁጭ ብላ የምትጠብቅበት ዕድሜም የላትም። አንድ ቀን የትምህርት ዓይነቶቹን የሚያወጡ ሰዎች አለቱንና ኬሚስትሪውን አንድ ክፍል ውስጥ ቢያስቀምጡት፣ ዝግጁ ሆና የምትጠብቃቸው አንዲት መምህርት ከሰባታሚት ትኖራለች።

እኔ በበኩሌ ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የቤት ሥራ ሰጥቻለሁ። እያንዳንዱ ከግቢው ሁለት ድንጋይ ይዞ ይመጣል፤ አንድ ድፍን፣ አንድ የተነፈሰ። ወጪው ዜሮ ነው። አርባ ምናምን ተማሪ ሰማንያ ምናምን ድንጋይ ይዞ ሲመጣ ዘበኛው በር ላይ አስቆማቸውና ምን ልታደርጉበት ነው ብሎ ሊያስወረውራቸው ነበር፤ እኔ ደርሼ ነው ያስገባቸው። ማታ ለእህቴ ስነግራት በጣም ሳቀች። ከዚያ ከአልጋዋ ሥር ፌስታሏን ጎትታ አወጣችና ጥሩ ጥሩውን እየመረጠች ሰጠችኝ።

«እኔ እስክደርስ ድረስ» አለችኝ፣ «በዚህ አስተምሪልኝ።»